አንዴ ብቻ የሚሠራው ሣጥን

(ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ። ማንጠግቦሽ የስልክ ካርድ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ። ጎረቤቷ ዘካርያስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ጠዋት አደራ የሰጣትን ትንሽ ጥቁር ሣጥን ሊወስድ መጥቷል።)

ዘካርያስ፦ ማን ይጥረጉት አለዎት?

ማንጠግቦሽ፦ አቧራ ለብሶ ዝም ልበል? በጨርቅ ጫፍ ነው ያስነካሁት።

ዘካርያስ፦ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ይሄ የብስኩት ጣሳ አይደለም። ኳንተም ነው!

ማንጠግቦሽ፦ ቢሆንስ፣ ኳንተም አቧራ ይወዳል?

ዘካርያስ፦ ውስጡ ፕሮግራም አለ። አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል፣ አንድ መልስ ይሰጣል፣ በቃ። ሁለተኛ አይሠራም።

ማንጠግቦሽ፦ ፖሌ፣ አይዞህ ልጄ። ጠጋኝ ጋ አልወሰድከውም?

ዘካርያስ፦ አልተበላሸም! ሆን ተብሎ ነው!

ማንጠግቦሽ፦ አንዴ ሠርቶ የሚቆም ነገርማ እኔም ቤት ሞልቷል። ካውያው፣ ሬዲዮው… ጎበዝ ያለኝ ግን የለም።

ዘካርያስ፦ ይሄ ለምሥጢር ነው! ሌባ ቢሰርቀው ሺህ ጊዜ እየሞከረ ምሥጢሩን እንዳያወጣ። ቁልፉ የተጻፈው በብርሃን ቅንጣት ነው። ቅንጣቷን ካዩዋት ትለወጣለች።

ማንጠግቦሽ፦ (ፊቷን አዙራ) ቀድመህ አትነግረኝም? ከጠዋት ጀምሮ ሳየው ነው የዋልኩት!

ዘካርያስ፦ ሣጥኑን ማየት ችግር የለውም!

ማንጠግቦሽ፦ (እየተመለሰች) እንግዲህ እንደኔ ካርድ ነዋ። ፍቀህ ካስገባኸው አለቀ።

ዘካርያስ፦ (እየሳቀ) የካርድ ቁጥር ወረቀት ላይ ይገለበጣል። ይሄ አይገለበጥም። ያለው ይሄ አንዱ ነው፤ ሌላ ለመሥራት ስድስት ወር ይፈጃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጊጊሪ ሰፈር፣ ከኩባንያው ሰዎች ፊት አሠራዋለሁ። ከወደዱት ይቀጥሩኛል። ካልቀጠሩኝ የመኖሪያ ፐርሚቴ አርብ ያበቃል፤ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ሞያሌ ነው።

ማንጠግቦሽ፦ ውይ! እነሱ ፊት እምቢ ቢልህስ?

ዘካርያስ፦ እኔ ያልሞከርኩትን ነገር ይዤ የምሄድ ሰው ነኝ? ዛሬ ጠዋት ለብቻዬ ሞከርኩት። አረንጓዴው መብራት ቦግ አለ፤ መልሱ ልክ! እንባዬ ነው የመጣው።

(ውጭ የማታቱ፣ የሚኒባስ ታክሲው፣ ረዳት «ታውን! ታውን!» እያለ ይጣራል።)

ማንጠግቦሽ፦ ስንት ጊዜ ነው የሚሠራው ያልከኝ?

ዘካርያስ፦ አን… (የሣጥኑን ማብሪያ ይጫናል። ምንም የለም። ደግሞ ይጫናል።)

ማንጠግቦሽ፦ ጨዋ ነው፤ ቃሉን ጠበቀ።

ዘካርያስ፦ ሠርቶ ነበር! እግዜር ያውቃል፣ ሠርቶ ነበር!

ማንጠግቦሽ፦ ከእግዜር ሌላስ ማን አየ?

ዘካርያስ፦ እኔ…

ማንጠግቦሽ፦ (ጨርቋን አንስታ ሣጥኑን አሁን እንደልቧ ትወለውለዋለች) እኔ እንኳ የተፋቀ ካርድ ይዞ «ጠዋት ሠርቶ ነበር» ለሚለኝ ደንበኛ አልቀይርለትም። የጊጊሪዎቹ ግን ደግ ናቸው ሲሉ እሰማለሁ።