ቅጠል የለበሰ ቀሚስ

ልብስና ቅጠል የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። አዳምና ሔዋን ራቁታቸውን መሆናቸውን ያወቁ ዕለት መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቅጠል ሰፍቶ ማገልደም ነበር። ያን ጊዜ ግን ቅጠሉ የሚሸፍነው ገላን ነው፤ ዛሬ የሚሸፍነው ራሱን ልብሱን ሆኗል። ገበያ የሚወጣ ሰው ያውቀዋል። ቀሚሱ አንገት ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ካርቶን ይንጠለጠላል፣ ከሥሩ «የምድር ወዳጅ» የሚል ይጻፍበታል፣ እኛም የምድር ጠላት ላለመምሰል እናነሳዋለን። ምድር ወዳጇ ማን እንደሆነ ተጠይቃ አታውቅም።

እኔ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ከተማ የምኖር፣ ጨርቅ ዳብሼ ሳላበቃ ገንዘብ የማላወጣ ሴት ነኝ። እኔን የሚሸውድ ነጋዴ ገና አልተወለደም እል ነበር። ተወልዶ ኖሯል።

ነገሩ የተጀመረው ቱነይድባ ነው። እዚያ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ለተብርሃን የምትባል ወዳጅ አለችኝ፤ ከሑመራ ተሰድዳ የመጣች፣ ሻይ እያፈላች ልጆቿን የምታሳድግ። ለዘመድ ጥየቃ በሄድኩ ቁጥር እሷ ዘንድ ሳልቀመጥ አልመለስም። ባለፈው በጋ ስሄድ ክንዷን በጨርቅ ጠምጥማ አገኘኋት። ከማንደጃው የተፈናጠረ ፍም እጅጌዋ ላይ አርፎ፣ ልብሱ እንደ ሰም ቀልጦ ቆዳዋ ላይ ተጣብቆባት ነበር።

«እሳቱስ ይሁን» አለችኝ። «ጨርቁን ከሥጋዬ ሲያላቅቁት ነው መከራ ያየሁት። ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ከተማ ስትመለሺ የጥጥ ቀሚስ ፈልጊልኝ። ጥጥም ይቃጠላል፤ ግን ቀልጦ አይጣበቅም። መልኩ የፈለገውን ይሁን።»

ቀላል አደራ መስሎኝ ተቀበልኩ።

ገዳሪፍ ተመልሼ ገበያ ስወጣ የእህቴ ልጅ ሊዲያ ተከተለችኝ። ሊዲያ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ሲያጥራት በዓረብኛ ትቀጥለዋለች፣ ዓረብኛው ሲያጥራት ስልኳ ይሞላላታል። ስለ ዓለም መሞቅ ብዙ አንብባለች። እኔ አላነበብኩም፤ ግንቦትን ግን ገዳሪፍ አሳልፌያለሁ።

«አክስቴ፣ ካገኘሽው ቦታ ዝም ብለሽ አትግዢ። አካባቢን የማይጎዳ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፣ ያላ እንሂድ» ብላ ወሰደችኝ።

የሱቁ ባለቤት ኡስማን ይባላል፤ የሱዳኑ ጦርነት ከኦምዱርማን አፈናቅሎት እዚህ እንደገና ሱቅ የከፈተ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው። ግድግዳው አረንጓዴ፣ ከረጢቱ አረንጓዴ፣ በየልብሱ አንገት ላይ ቅጠል። ዝናብ ከዘነበ የሚታጨድ ይመስላል። አንድ ቡናማ ቀሚስ አነሳሁና ጥጥ መሆኑን ጠየቅኩት።

«ያ ኻላ» አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው፣ «ይሄ የተፈጥሮ ነው።»

«ጥጥ ነው ወይ?»

«ምድርን የማይጎዳ ነው። አንድ ቀሚስ በተሸጠ ቁጥር አንድ ዛፍ ይተከላል።»

«የት ነው የሚተከለው?»

«ሩቅ አገር» አለና እጁን ወደ በሩ ወረወረ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ስለ ጥጡ ደጋግሜ ጠይቄ ስለ ሌላ ነገር ነው የተመለሰልኝ። እናንተ ልብ ብላችኋል፤ እኔ ግን አላልኩም። ሊዲያ ዛፉን ወደደች፣ እኔ የሰውየውን ትሕትና ወደድኩ፣ ቀሚሱም ሲዳብሱት እንደ ጥጥ ይለሰልሳል። ተገዛ።

ቤት ገብተን ሊዲያ ልትለካው ስትገለብጠው ከጎኑ ስፌት ውስጥ ጥፍር የምታክል ነጭ መለያ አገኘች። ወደ ብርሃን አስጠግታ አነበበችው።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ፖሊስተር» አለች ቀስ ብላ። «ጥጥም አለበት። ትንሽ።»

ትንሽ ያለችው ለምጽዋት ያህል ነው። እንዲያው ልቤ አላምን ቢል ከጠርዙ ክር መዝዤ ክብሪት ጫርኩበት። ጥጥ ሲነድ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበናል። ይሄ ግን ተኮማተረ፣ ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ፣ ደርቆም ጥቁር ዶቃ ሆነ። እስከዚያ ድረስ በራሴ እየሳቅኩ ነበር። ዶቃዋን መዳፌ ላይ ሳያት የለተብርሃን ክንድ ታየኝና ሳቄ ቆመ።

በማግሥቱ ወደ ሱቁ የሄድኩት ልጣላ ነው፤ መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ኡስማን ይዤለት የሄድኩትን ዶቃ በጣቱ አገላብጦ አየ።

«እኔ ጥጥ ነው አላልኩሽም» አለ።

«አላልክም። ነው ወይ ስልህ ግን አይደለምም አላልክም።» ከዚያም ቀሚሱ ለማን እንደሆነና ክንዷ ምን እንደደረሰበት ነገርኩት።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ፌስታል አወጣና ከፈተልኝ፤ ቅጠል የተሳለባቸው ካርቶኖች ጢም ብለውበታል። «ቅጠሉ ከልብሱ ጋር አልመጣም፣ ለብቻው ነው የመጣው» አለ። «ያከፋፈለኝ ሰው ይሄን ስትሰቅልበት ይሸጣል አለኝ። ሰቀልኩት፣ ተሸጠ። ከኦምዱርማን በባዶ እጄ ነው የወጣሁት፤ ልጆቼ ቅጠል አይበሉም።»

«ዛፉስ?» አለች ሊዲያ።

«ወላሂ፣ ዛፉን እኔም አላየሁትም።»

ተለማምጄ የመጣሁት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ቀሚሱን ተቀብሎ ገንዘቤን ያለ ክርክር መለሰልኝ፤ የጥጥ ቀሚስ ግን አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አካለልነው። ሊዲያ ቅጠል ያየችበትን ሁሉ መገልበጥ ጀመረች፤ የሚሸሹን ነጋዴዎች ነበሩ። በመጨረሻ ያገኘነው ሰልባጅ ከሚሸጥበት ክምር ውስጥ ነው፤ መልኩ የደበዘዘ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ምንም ቅጠል የሌለበት፣ መለያው ጥጥ የሚል፣ ክሩም ነድዶ አመድ የሆነ። ሊዲያ ሰው የለበሰውን መግዛት ስታፍር አየኋት። «ለምድር ካሰብሽ የተሠራውን መልበስ ነው እንጂ አዲስ ማሠራት ምን ያደርጋል?» ብላት ስልኳን ማየት ጀመረች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የልብስ ሥሩ ስፌቱ ውስጥ ነው። «ከምንድን ነው የተሠራው?» ስትሉ ስለ ወንዝና ስለ ወፍ ከመለሱላችሁ፣ ወንዙን አድንቁና ቀሚሱን ገልብጡት። ሥዕሉ ትልቅ፣ ጽሑፉ ደቃቅ ከሆነ ደቃቁን እመኑ። ይህን ምክር እኔ ከሰጠኋችሁ በኋላ እናንተ ራሳችሁ ትሸወዳላችሁ፤ ግድ የለም፣ ወግ ይሆናችኋል።

ቀሚሱን ካደረስኩላት በኋላ ቱነይድባ እንደገና ስሄድ ለተብርሃን ሰማያዊውን ለብሳ ሻይ ትቀዳለች። ሳልቀመጥ እጅጌዋን ዘርግታ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አሳየችኝ። ፍም አርፎባት ነበር። በቀዳዳዋ የሚታየው ቆዳ ምንም አልሆነም።

«ልስፋልሽ?» አልኳት።

«ተዪው» አለች፣ «ጥጥ ነው ወይ ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ አሳየዋለሁ።»

ኡስማን ቅጠሎቹን አላወረደም። አልፈርድበትም፤ ልጆቹ እራት ይጠብቃሉ። በበሩ ሳልፍ ግን ገና ከሩቅ እጁን ያነሳና «ያ ኻላ፣ ዛሬም ጥጥ የለም» ይለኛል። ሊዲያ ትናደዳለች፣ ለሌላውም ሰው እንዲህ ይበል ትላለች። እኔ አመስግኜው አልፋለሁ። እውነት የሚነገረው ለማይገዛ ሰው ነው መሰለኝ።