ባለ አንድ ዓይኗ ነርስ

ያገራችን ሰው ፎቶ ሲነሳ አይታችሁታል? ቀጥ ብሎ፣ ግንባሩን ለካሜራው ሰጥቶ ነው። ፎቶ አንሺው “ትንሽ ዞር ይበሉ፣ ጎንዎ ያምራል” ቢል ማን ሰምቶት! ድሮ ይኼ ነገር ያስቀኝ ነበር። አሁን አያስቀኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይሉኝ ነበር። በዚያ ዘመን እጁ ያማረ ሰው ወዮለት፤ የመፈክር ጨርቅ ሁሉ የሚጫነው እሱ ላይ ነው። በዚሁ እጄ ሰበብ ደሴ ለሥልጠና ተላክሁ። መልእክትን በሥዕል ማስተላለፍ ነው የምትማሩት ተባልን። መልእክት በሥዕል ይላካል እንዴ? እየገረመኝ ሄድኩ።

እውነትም የሚገርም ነገር አለው። አሠልጣኙ ቢጫ ጥቁር ላይ ሲውል ከሩቅ ሰው ይጠራል አለን። ባዶ ቦታ አትፍሩ አለን፤ እኛ ደግሞ ጥግ ባዶ ከቀረ ወረቀቱ የባከነ ይመስለናል። ከሁሉ የደነቀኝ ግን የፊት ነገር ነው። የተሣለ ሰው ወደሚያይበት ተመልካቹም ያያል፤ ስለዚህ ሰው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙራችሁ ሣሉ አለ። አላመንኩም። እዚያው ደሴ ፒያሳ መሃል ቆሜ ወደ ሰማይ ማየት ጀመርኩ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አንጋጠጠ። አንዱማ ምን እንደማይ ጠየቀኝና ምንም ብለው፣ አንተ ባታይ እኔ አይቼዋለሁ ብሎኝ ሄደ።

መካነ ሰላም ስመለስ ሥራ ጠበቀኝ። ለተጎዱ ሕፃናት አልሚ ምግብ የሚሰጥበት መጠለያ ተከፍቶ ነበር። ኃላፊዋ ሲስተር አስካለ የምትባል ነርስ ናት። ከየገጠሩ ልጅ አዝለው የሚመጡት እናቶች ማንበብ ስለማይችሉ ገበያው ዳር አንድ ትልቅ ሥዕል ሣልልኝ አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ነጭ የለበሰች ነርስ ሣልኩ፤ በእጇ ኩባያ፣ ፊቷ ወደ ጎን፣ ወደ መጠለያው ዞሮ። ቢጫና ጥቁር። ባዶ ቦታም አልፈራሁም።

እናቶች መጡ። ግን የመጡት ሙስሊሞቹ ብቻ ናቸው። ክርስቲያኖቹ ሥዕሉ ድረስ ይመጡና ነጠላቸውን አጥብቀው ይመለሳሉ። ምንድን ነው ነገሩ? ሲስተር አስካለ ጾሙ ነው፣ ወተቱን ፈርተው ነው አለች። ቄሱን ጠየቅናቸው። ሕፃን ምን ጾም አለበት ብለው ተቆጡን። በዚያ መሃል ልጅ እየሞተ ነው። ገንፎ የሚያማስለው ሰው የተረፈውን መልሶ ይከድናል። እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ገበያ ቀን ሥዕሉ አጠገብ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ያዝኩ። አንዲት እናት መጡ፤ ወይዘሮ ጥሩዬ ይባላሉ። ያዘሏት ልጅ አንገቷ ራሷን መሸከም አቅቶታል። ሥዕሉን አዩና ሊመለሱ ሲሉ መንገድ ላይ ቆምኩባቸው። በማርያም፣ ለምን አይገቡም አልኳቸው።

“ይችማ አንድ ዓይና ናት” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ልጄን ለይሁዳ ወገን ልስጥ?”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ ሁሉ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ ቦግ ብሎ ነው የሚሣለው። ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ማን ነው? ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው፤ ጌታን የገረፉት ናቸው። እኔስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው አልኖርኩም? አይቻለሁ፤ አላነበብኩትም። ለካስ ማይም ያልናቸው እናቶች ሥዕሌን ከላይ እስከ ታች አንብበውታል። ሙስሊሞቹ ደግሞ ያን ግድግዳ ስለማያውቁት ነርስ አይተው ገቡ።

ሲስተር አስካለን ሮጬ አመጣኋት። ወይዘሮ ጥሩዬ አገጯን ይዘው ፊቷን መረመሩ። ሁለት ዓይን አለ። ሥዕሉ የእርሷ ነው ስላቸው ወደ እኔ ዞሩ።

“ታዲያ ይች ልጅ ምን በደለችህ?” አሉኝ።

 የታዘለችው ሕፃን በዚያው ገባች፤ እፎይ አልኩ። ነርሷንም በዚያው ቀን ፊት ለፊት አዙሬ እንደገና ሣልኳት፤ ዓይኗን እንደ ጻድቃኑ አፍጥጬ። በሳምንቱ መጠለያው ሞላ። የወይዘሮ ጥሩዬ ልጅ ማንኪያውን ራሷ መያዝ ጀመረች።

በዚህ መሃል የአውራጃው ካድሬ መጣና ሕዝቡን አይቶ ደስ አለው። ሕዝብ ካለ ቅስቀሳ አለ። ከአዲስ አበባ የተላከለትን የሦስቱን ጢማም ፈላስፎች ምስል አምጥቶ የመጠለያው በር ላይ ሰቀለው። ምስሉን ታውቁታላችሁ፤ ሦስቱም ተደርበው፣ ሦስቱም ወደ ጎን። በማግስቱ ክርስቲያን እናት አንድም የለች። ወይዘሮ ጥሩዬን አጥር ሥር አገኘኋቸው። አንዷን ብታስተካክሉ ሦስት አመጣችሁብን አሉኝ፤ ልጅቷ ጀርባቸው ላይ ታለቅሳለች።

ለካድሬው ምን ልበለው? ጓድ፣ መሪዎችህን ሕዝቡ ሰይጣን ብሏቸዋል ልበል? እኔ እታሰራለሁ፤ ወይዘሮ ጥሩዬም ይታሰራሉ። ዝም ካልኩ ደግሞ ልጅቷ ትሞታለች። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ከዚያ ደሴ የተማርኩት ትዝ አለኝና ቢሮው ሄድኩ። ጓድ፣ ሳይንሱ የተሣለ ሰው ወደሚያይበት ሕዝቡ ይከተላል ይላል፤ እዚያ በር ላይ ሆነው ግን የሚያዩት ወደ ገንፎው ድስት ነው አልኩት። የእርስዎ ቢሮ በር ላይ ቢሰቀሉ ወደ እርስዎ ያያሉ። ጓዱ አሰበ። ከዚያ መዶሻ ይምጣ አለ።

እናቶቹ ተመለሱ። ልጅቷም ዳነች፤ ኋላ ሦስተኛ ክፍል ራሴ አስተምሬያታለሁ፣ ረባሽ ነበረች።

ካድሬው ቢሮ ደግሞ ክርስቲያን የሚባል አቤቱታ ይዞ መምጣት ተወ፤ የሚመጣው ሙስሊሙ ብቻ ሆነ። እሱም አልዘገየም፤ ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገ። ከሦስቱ መሪዎቻችን ምስል የተነሳ ከአውራጃው ሕዝብ የግማሹ ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል፤ ለቀረው ግማሽ ሌላ ምስል ይላክልን አለ።