የጎራዴ ዘር ቆጣሪው

የሰው ዘር የሚቆጥር ሞልቷል፤ የጎራዴ ዘር የሚቆጥር ሰው ግን ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። አያሌው ይባላል፤ የሚኖረው ሞጣ ነው። ቢቸና አብረን ስንማር ከእኔ አንድም ቀን በልጦ አያውቅም። ዛሬ አሮጌ ጎራዴ ያለው ሁሉ «አያሌው ይየው» ይላል። እኔስ፣ ዓይን የለኝም?

በቀደም አማቼ የአያቱን ጎራዴ ሊያሳየው ቢቸና እኔ ቤት ጠራው። አያሌው ስለቱን ወልውሎ በሎሚ አሸው። ጥቂት ቆይቶ እንደ ውኃ ሞገድ ያለ መስመር ብቅ አለ።

«ብረቱ የህንድ ነው፤ የቀጠቀጠው ግን የፋርስ አንጥረኛ ነው» አለ።

«መስመሩን ሰው በቀለም ስሎት ቢሆንስ?» አልኩት።

«የተሳለ ቢሆን ስወለውለው ይጠፋ ነበር። ይኸ ከብረቱ ከራሱ የወጣ ነው።»

ባለቤቴ በአድናቆት አፏን ያዘች። በሃያ ዓመት ትዳር ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አፏን ይዛ አታውቅም!

አላስቻለኝም። ሮጬ የአባቴን ጎራዴ አመጣሁ። አሸው፤ ምንም አልወጣም።

«ሎሚው አንሶት ይሆናል» አልኩ።

ሳያጉረመርም ሌላ ጨመቀ፤ ደግሞ ሌላ። ስለቱ ዝም አለ።

«ይኸ የፋብሪካ ብረት ነው፤ ግን አባትህ በደንብ ይዘውታል» አለኝ ቀስ ብሎ።

ቢስቅብኝ እችለው ነበር። አዘነልኝ እኮ!