ሉማሜ ላይ የተነፈሰው ኮንቴነር

ከውጭ አገር ዕቃ ማስመጣት ከባድ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ማስመጣትማ ምን ችግር አለው? ስልካችሁን ትከፍታላችሁ፣ ፎቶ ታያላችሁ፣ «ይኼ ይሁንልኝ» ትላላችሁ፤ ማዶ ያለው ቻይናዊም አውራ ጣቱን አሳይቶ ይስማማል። ከባዱ የዕቃው መምጣት ነው። ፋብሪካው በር ላይ ዋጋው ያስጎመጃል። መርከብ ሲሳፈር ትንሽ ይከብዳል፣ ጅቡቲ ሲደርስ ይወፍራል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። ዓባይን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ሲገባማ የወለደው ፋብሪካ እንኳ ቢያየው በዋጋው አይለየውም።

እኔ ባዬ እባላለሁ። ማርቆስ ገበያው አጠገብ የቤት ዕቃ እሸጣለሁ። ከጎኔ የሐጂ ኑሩ ጨርቃ ጨርቅ ቤት አለ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ በጣም ስስ ስለሆነ እሳቸው ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» የምለው እኔ ነኝ። ሐጂ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ሰው ሲቆጣ ድምፁ ከፍ ይላል፣ የእሳቸው ግን ይቀንሳል። በጣም የተቆጡ ቀን ጭራሽ አይሰሙም። ለየብቻችን ኮንቴነር የመሙላት አቅም ስለሌለን አብረን እናስመጣለን። ባለፈው ዓመትም ክረምቱ ሳይገባ ብርድ ልብስ እናምጣ ተባባልን። የማርቆስን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ብርድ ልብስ ግን ተንኮለኛ ዕቃ ነው። ክብደት የለውም፣ ቦታ ግን ይይዛል። ኮንቴነር የሚከራየው ደግሞ በውስጡ ባለው ቦታ ነው። በብርድ ልብስ ሲሞላ ግማሹ አየር ነው ማለት ነው። የቻይና አየር! ጮቄ ተራራ ላይ በነፃ ሲነፍስ የሚውለውን ነገር እኛ በመርከብ ከፍለን እናስመጣ? ጎጃም መቼ ነው አየር ያነሰው?

ጠያይቄ መላ አገኘሁለት። ፋብሪካው ብርድ ልብሱን በላስቲክ ይጠቀልልና አየሩን በማሽን ይመጠዋል። ያ ሁሉ ውፍረት እንደ ጣውላ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በአንድ ኮንቴነር የሁለት ያህል ይገባል። ለሐጂ ሳስረዳቸው እጄን እንደ መምህር እያወናጨፍኩ ነበር። ሐጂ ግን «ላስቲኩ ቢቀደድስ?» አሉኝ።

«ማን ይቀደዋል ሐጂ?» አልኩ።

የቀደደው ፍተሻው ነው። ሞጆ ላይ የገባውን ዕቃ ከፍቶ ማየት ደንብ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ዕቃችንን ከወደቡ የሚያስወጣልን ትራንዚተር ደውሎ፣ «ጥቅሎቹ ለፍተሻ ትንሽ ተከፋፍተዋል፣ ግን መልሰን ዘግተነዋል» አለኝ። «ዘግተነዋል» ሲል ያለከልክ ነበር። ሰው በር ዘግቶ ለምን እንደሚያለከልክ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን የት ጊዜ ነበረኝ? የመኪና ኪራይ ክርክር ላይ ነበርኩ። ሐጂ ደህና መኪና እንያዝ ሲሉ እኔ ከሁሉ የረከሰውን መረጥኩ። መኪና መኪና ነው፤ ጎማው ከዞረ ምን ቀረው?

እውነትም ጎማው ዞረ። መኪናው ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጣ። ሾፌሩ ደጀን ደርሶ በስልክ ሲያበስረን ሐጂን በኩራት «አላልኩዎትም?» አልኳቸው። ሉማሜ መግቢያ ላይ ካምቢዮው እጅ ሰጠ።

እኔና ሐጂ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። ሾፌሩ መኪናው ሥር ተኝቶ አገኘነው፤ እግሩ ብቻ ይታያል። እግሩን አነጋገርነው። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል አለን። ኮንቴነሩ ደግሞ የኛ አይደለም፤ ባዶውን በተባለው ቀን ካልተመለሰ በየቀኑ ቅጣት ይቆጥራል። ሉማሜ ላይ እንዳለ አንስቶ ሌላ መኪና ላይ የሚያስቀምጥልን ክሬን የለም። ስለዚህ መኪናው እንደተጠገነ ባዶውን ይዞ እንዲመለስ፣ ዕቃውን እዚያው አራግፈን በኢሱዙ ልናመላልስ ወሰንን። ሰማዩ ጠቁሯል። ያለን ጥሪት፣ የእኔም የሐጂም፣ እዚያ ብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ሐጂ ድምፃቸው መቀነስ ጀምሯል።

ሾፌሩ የኮንቴነሩን ቁልፍ እያነሳ «ይኼ በር ከሞጆ ጀምሮ ሲያቃስት ነው የመጣው» አለ። ሐጂ ደግሞ ዕቃቸውን ለማየት ቸኩለው በሩ ፊት ቆመዋል።

መጀመሪያ የተሰማው «እፎይ» የሚል ድምፅ ነው። በእግዚአብሔር ስም፣ ኮንቴነሩ ተነፈሰ። ከዚያ በሩ ሾፌሩን ገፍቶ አስቀመጠው። ከዚያ ብርድ ልብሱ መጣ። የተቀደዱት ጥቅሎች ከሞጆ ጀምሮ ሲነፉ፣ ያልተቀደዱትን ሲጫኑና ሲቀድዱ ኖረው አሁን መውጫ አገኙ። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ባለ አበባው፣ ባለ ነብሩ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። ዘወር ስል ሐጂ የሉም።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ኪሳራውም፣ ቅጣቱም፣ ዝናቡም ከልቤ ወጣ። «ሐጂ! ሐጂ!» እያልኩ እንደ እብድ መቆፈር ጀመርኩ። መንገዱ ዳር ካለው ሻይ ቤት ሰው ግር ብሎ መጥቶ አብሮኝ ቆፈረ። አንድ ባለ ነብር ገልጠን ስንመለከት ሐጂ ኮፍያቸው ተጣሞ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። እጃቸው የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዳብሳል።

«ባዬ» አሉ በደከመ ድምፅ።

«አቤት ሐጂ፣ ተጎዱ?»

«ጥራቱ ደህና ነው።»

ልቅሶና ሳቅ አንድ ላይ ሲመጣ ታውቃላችሁ? አቅፌ አነሳኋቸው። ዝናቡም ያንን ሲጠብቅ ኖሮ ጀመረ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት እትዬ ስመኝ ናቸው፤ ወገባቸውን በነጠላ ጠበቅ አድርገው የታጠቁ፣ ሰው ሲያዙ አገር የሚያዙ የሚመስሉ ሴት። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ለሠርግ የሚያከራዩት አዳራሽ አላቸው። በክረምት ማን ያገባል? ባዶውን ነው። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ተሸከሙ እንጂ!» ብለው ጮኹ። የሉማሜ ሰው ተሸከመ። ሻይ ጠጪው ሻዩን ትቶ፣ አውቶቡስ ጠባቂው አውቶቡሱን አሳልፎ ተሸከመ። አዳራሹ እስከ ጣሪያው ድረስ ሞላ። ከዚያ ሁሉ አንድ ብቻ ጠፍቶብን ነበር፤ እሱንም በማግስቱ አንዲት እናት ሕፃን አስተኝቼበት ነበር ብላ አጣጥፋ መለሰችው።

በረንዳው ላይ የተጠለሉ አንድ መሪጌታ ትርምሱን ሲያዩ ቆይተው፣ «አይዟችሁ፣ ብርድ ልብስ ማለት እኮ ሲፈታ ብር ድልብ ማለት ነው» አሉን። የደለበ ብር ማለታቸው ነው። የቀረችውን «ስ» የት እንዳደረሷት አልጠየቅኋቸውም፤ በዚያ ሰዓት የሚያጽናና ሰው በፊደል አይመረመርም።

ኢሱዙው መጣ። እስከ አፉ ጫንነው። አዳራሹን ብናየው ምንም የጎደለ አይመስልም። የታፈነ ብርድ ልብስ አንዴ ከተነፈሰ ወደ ቀድሞ ጠባዩ አይመለስም፤ ከባሕር ማዶ በአንድ ጉዞ የመጣው ዕቃ ሉማሜ ተነስቶ ማርቆስ ለመግባት ስንት ምልልስ እንደፈለገ አልነግራችሁም። አየር ላለማስጫን ብዬ ዕቃውን አፍኜ ባሕሩን አሻገርኩት፤ አየሩን ግን ሉማሜ ላይ ጫንኩት።

አዳራሹ ጥግ ላይ ጭንቅላቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ሐጂ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ወቀሳቸውን ጠበቅኩ፤ ድምፃቸው ይቀንሳል ብዬ ጆሮዬን ሁሉ አስጠጋሁ። «ሻይ ጠጣ» አሉኝ፤ በደንብ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ተነስተው ከእትዬ ስመኝ ጋር ተነጋገሩ። የተረፈውን አናጓጉዘውም፤ እሳቸው እዚሁ ይሽጡት፣ እኛን ከማርቆስ መንገድ ወጪ ያሳርፉናልና በረከስ ያለ ዋጋ ይውሰዱት አሉ። እትዬ ስመኝም «እንግዲህ ዘንድሮ አዳራሹን የዳርኩት ለብርድ ልብስ ነው» ብለው ተስማሙ። አልከሰርንም። አላተረፍንም ማለትም ይቻላል። ማርቆስ ያመጣነውን የመኪናውን ወጪ ጨምረንበት ክረምቱን ሙሉ ሸጥን።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አማቴ ከይጁቤ ወደ ሉማሜ ለለቅሶ ሄደው ሲመለሱ እኛ ቤት አደሩ። የደረሰብንን አልነገርናቸውም፤ አማት ፊት ማን ይዋረዳል? ትልቅ ጥቅል ይዘዋል። ፈቱት። ባለ ነብር ነው።

«ለአንተ ነው ልጄ» አሉኝ። «ሱቅህ ሁሉ ሞልቶ አልጋህ ላይ ያለውን ሳይ አንጀቴን በላኸኝ። እዚህ ማርቆስ እንዳልገዛ ዋጋው እሳት ነው፤ አንተን ማለቴ አይደለም። ሉማሜ አንዲት ባለ ሻይ ቤት በርካሽ ትሸጣለች። ከየት አምጥተሽው ነው ብላት፣ ሁለት የማርቆስ ነጋዴዎች ዝናብ ላይ ዘርግፈውልኝ ሄዱ አለችኝ። ሞኞች መሆን አለባቸው። ግን እግዜር ይስጣቸው።»

ባለቤቴ ሳቋን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ባለ ነብሩን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

«አሜን» አልኩ።