ያበጠውን ባትሪ የመረጥኩ ዕለት

ዕቃ መምረጥ ላይ እኔን የሚበልጥ ሰው ዲላ ውስጥ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። አቮካዶ ሳይቆረጥ ውስጡን አውቃለሁ። ቆጮ ከነጥቅልሉ በጠረኑ ብቻ ዕድሜውን እነግራችኋለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ሠርግ ሲደገስ ቅቤው ሳይገዛ መጀመሪያ በኔ አፍንጫ ሥር ያልፋል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው።

ዋናው ግን ሌላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ገበያ ወጥቼ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሻጭ ምርጡን ዕቃ ፊት ለፊት እንደማያስቀምጥ ነው። ፊት ለፊት ያለው ለመንገደኛ ነው። ምርጡ ከባንኮኒው ሥር፣ ከጆንያው ኋላ፣ ለአክስቱና ለጎረቤቱ ተሸጉጦ ይቆያል። እናንተስ የፊቱን ቲማቲም ገዝታችሁ ዞር ስትሉ፣ ከኋላችሁ ለመጣችው ሴትዮ ከሥር ሌላ ሲወጣላት አላያችሁም? አይታችሁ ዝም አላችሁ። እኔ ዝም አልልም። ጣጣው የመጣውም በዚሁ ነው።

የልጅ ልጄ ቤዛ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ትማራለች። እኔን እማዬ፣ የወለደቻትን እናቷን ደግሞ በስሟ ነው የምትጠራው፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። ይቺ ልጅ ሄሊኮፕተር ታበራለች። ሰው የሚሳፈርበትን አይደለም፤ ዶሮ የምታክል፣ በሪሞት የምትታዘዝ። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ፣ መምህራንና እንግዶች ፊት ልታበራ ተመርጣለች። ሁለት ወር ተለማምዳ ተለማምዳ፣ ሐሙስ ዕለት ባትሪዋ ሞተ። ያለ ባትሪ ሄሊኮፕተር ማለት የተበላሸ ቬንትሌተር ማለት ነው። ልጅቷ ራት አልበላም አለች።

ዓርብ እሷ ፈተና ስለነበረባት፣ ባትሪውን እኔ ልግዛ አልኩ። ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ ሦስት ሴል፣ አቅሙ ሃያ ሁለት መቶ።

«ከዚህ የሚበልጥ ቢሰጡሽ እንዳትወስጂ።»

«ትልቅ አይሻልም?»

«ይከብዳታል እማዬ። ጉልበቷን ባትሪ በመሸከም ትጨርሰዋለች።»

ይሄ ገባኝ። ሀዋሳ አድራ ለመመለስ ግማሽ ቤቷን አስጭና የምትሄድ እህት አለችኝ።

መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ጎልማሳ አለ። ወረቀቱን አየና ባንኮኒው ላይ አንድ ባትሪ አስቀመጠልኝ። ጠፍጣፋ። ስስ። ብስኩት በሉት። ዓይኔ ወዲያው ወደ ሥር ወረደ፤ እዚያ አሸዋ የሞላበት ቆርቆሮ፣ አሸዋው ላይ ደግሞ ያንኑ ቁጥር የተጻፈበት፣ ሞላ ያለ፣ ጉንጩ የተነፋ ባትሪ!

«እሱስ?» አልኩት።

«እሱ አይሸጥም እማማ።»

አይሸጥም! ሰማችሁ?

«ለማን ነው የደበቅከው?»

«ኧረ ለማንም! አብጧል፣ ተበላሽቷል። ልጥለው ነው።»

«የሚጣል ዕቃ አሸዋ ላይ ታስተኛለህ?»

«እሳት እንዳያስነሳ ነዋ እማማ፣ በናትዎ!»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ጎንበስ ብዬ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ለስለስ አለልኝ፤ ለዛሬ ምሳ የደረሰ አቮካዶ ነው። ሰውዬው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞር ሲል ባትሪው ዘንቢሌ ውስጥ ገባ። እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ። ብሩን ባንኮኒው ላይ ጥዬለት በድል አድራጊነት ወጣሁ።

ቤዛ ስትመጣ መሀል ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አሳየኋት። ጮኸች! ከሰል መቆንጠጫዬን አነሳች፣ ባትሪውን ያዘች፣ ወደ ግቢ ሮጠች።

«እማዬ፣ ውስጡ ጋዝ ነው እኮ! ቢፈነዳስ?»

«ስላበጠ ብቻ? እኔም ወፍሬያለሁ፣ ማን በመቆንጠጫ አወጣኝ?»

አልሳቀችም። ሸክላ ድስት ያስፈልጋል አለችኝ፤ እሳት ቢነሳ የሚችለው እሱ ነው። ታዲያ የትኛውን ብታነሳ ጥሩ ነው? የዶሮ ወጥ ድስቴን! አሟሽቼ፣ ተንከባክቤ፣ ለምራቴ እንኳ የማላውሰውን! አሸዋ ሞላችበትና ባትሪውን አስተኛችው። ንዴቴን ልናገር ስል ዓይኗ እንባ ሞልቶ አየሁ። ነገ ቅዳሜ ነው። ባትሪ የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወደ ሱቁ ልንመልሰው ነጠላዬን ለበስኩ።

ባጃጅ ውስጥ ድስቱን ይዤ፣ ቤዛ ከጎኔ ትንፋሿን ውጣ፣ ሾፌሩ ዞር አለና፣

«ለቅሶ ቤት ነው እማማ?»

«ጉድጓዱ ላይ ቀስ ካላልክ፣ አዎ።»

ባለ ሱቁ ሲያየን አልሳቀም። ያበሳጨኝም ይሄ ነው፤ ቢስቅ እሰድበው ነበር። ድስቱን ተቀብሎ ራቅ ያለ ቦታ ወሰደ፣ ባዶውን አጥቦ መለሰልኝ። ከዚያ በጨዋ ደንብ፣ «እማማ፣ ስሱን ልጠቅልልልዎት?» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ስድብ አለ?

ማምሻውን ስሱ ባትሪ ቻርጅ ሊደረግ ሆነ፤ እንደገና ድስቴ ውስጥ! ደግሞ ሕጉ! ብቻውን አይተውም፣ አጠገቡ ሰው ይቀመጣል። ከሞቀ ይነቀላል። ከልክ በላይ አይጠግብም። ስድስት ልጅ ወልጃለሁ፤ ስድስቱም ተደምረው ይህን ያህል አልተጠበቁም። ቻርጀሩ ሦስቱን ሴል እኩል እኩል ያጎርሳል፤ አንዱ ሊቀድም ሲል ይይዘውና ሌሎቹን ይጠብቃል። እስቲ እንዲህ ያለ ፍትሕ በየትኛው መሥሪያ ቤት አይታችኋል? እኔ ለአንዲት ፊርማ ስመላለስ፣ ከኋላዬ መጥቶ ቀድሞኝ የጠገበ ስንቱ ነው! መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፣ ሁለት ጊዜ መጣ። ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄሊኮፕተሯ ተነሳች። ወደ ላይ ተወነጨፈች፣ ተገለበጠች፣ በጀርባዋ በረረች። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ቤዛ የያዘችው ሰዓት ጮኸ፣ አወረደቻት። ሕዝቡ «ጨምሪ! ጨምሪ!» አለ፤ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። እሷ ግን ወይ ፍንክች!

«ባትሪው ሙልጭ ካለ ይበላሻል እማዬ። ትንሽ ሲተርፈው ነው ማቆም።»

ጭብጨባው ሳያልቅ አንድ የክብር እንግዳ ማይክ ያዙ። አምስት ደቂቃ ስለበረረችው ሄሊኮፕተር ይናገሩ ጀመር። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ሕፃናት አለቀሱ። ሰውዬው «በመጨረሻም» አሉ፣ ደግመው «በመጨረሻም» አሉ። እኔ ወደ ቤዛ ጠጋ ብዬ፣

«ለኚህ ስንት ሴል ነው የተገባላቸው?» አልኳት።

«እሽሽ! እማዬ፣ ይሰሙሻል!»

ይስሙኛ! መስማት ቢችሉማ ይሄኔ ወርደው ነበር።