የእድሩ ትልቅ ድስት ምርመራ

ፖሊስ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ብቻ በሚጠራበት አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ባለው ጸጥተኛው የሊልበርን መንደራችን አንድ ታላቅ ወንጀል ተፈጸመ፤ ሁለት መቶ ሰው የሚያበላው የእድሩ ድስት ጠፋ። ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰብስቦ ጉዳዩን ለአቶ ገብረሕይወት መራ። እሳቸው አገር ቤት በፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ቤት አሥራ አራት ወር ሠርተዋል፤ እዚህ ደግሞ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ። ከዚህ የተሻለ መርማሪ ከየት ይመጣል?

አንድ ነገር ግን እወቁልኝ። አቶ ገብረሕይወት የእድሩን ሊቀመንበርነት ከተመኙ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሌባውን ከያዙ ወንበሩ የእሳቸው ነው። ካልያዙ ጥፋቱ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕቃውን በነጻ ሲጠብቁ በኖሩት በወይዘሮ አፀደ ላይ ይወድቃል። ዕቃ መጥፋቱ ብቻ ተወርቶ እንኳ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰላምታውን አሳጥሮባቸዋል፤ ምስኪን በሐፍረት ሊሞቱ ነው።

መርማሪው ኦፍ በሆኑበት ቀን ጓንት አጥልቀው ተነሡ። በእድሩ ዕቃ ቤት ድስቱ የነበረበትን መደርደሪያ በሜትር ለኩ፣ አሥራ ሰባት ጋራዥ ፈተሹ። የዕቃ ቤቱን ጎረቤት የአሸብርን የበር ካሜራ አራት ሰዓት ሙሉ ቼክ አድርገው ፖስታ አዳዩንና አንድ ድመትን «ለጊዜው ከጥርጣሬ ነጻ» ሲሉ መዘገቡ። ወይዘሮ አፀደም ቃላቸውን ሰጡ፤ በልቅሶ ሰሞን ሁሉም እየመጣ እንደሚወስድ፣ ሐዘንተኛን ፈርም ማለት ነውር ስለሆነም አስፈርመው እንደማያውቁ ተናገሩ። ይህም «አጠራጣሪ ጨዋነት» ተብሎ ተጻፈ።

ምርመራው ጥብቅ ምስጢር ነበርና የጠፋው ምን እንደሆነ ለሚስታቸው ለፋናዬ እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ሪፖርቱ በሚቀርብበት እሑድ ግን፣ ክራቫታቸውን ስታስተካክልላቸው፣ አፀደ በድስት ምክንያት ሊባረሩ መሆኑ አመለጣቸው። ፋናዬ እጇን ከክራቫቱ ላይ አነሣች።

«ድስቱ እኮ ጋራዣችን ነው ያለው። እናትህ ያረፉ ጊዜ ለቀስተኞች ምስር ወጥ ሞልተው አመጡልን። የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ያን የሚያህል ምን እንደምሞላበት ጨንቆኝ ይኸው ስድስት ወር።»

አቶ ገብረሕይወት አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። ወንበሩ ሲያመልጣቸው ታያቸው። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም፤ ነገር ግን በእናታቸው ልቅሶ ሦስት ቀን ቆመው ሰው ያስተናገዱት አፀደ ናቸው። አንጀታቸው አልቻለም።

ስብሰባው ላይ ሁሉንም ተናዘዙ። ከዚያም ስብሰባውን የመሩት አቶ ሕዝቅያስ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ በእድሩ ታሪክ ምርመራውን እስከ ገዛ ጋራዡ ያዘለቀ ቆራጥ ሰው ታይቶ እንደማይታወቅ አስረዱ። ሞቅ ባለ ጭብጨባ አቶ ገብረሕይወት በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር ሆኑ። ወይዘሮ አፀደ ደግሞ የእድሩን ንብረት ለሌባ አሳልፈው በመስጠታቸው ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው።

ወይዘሮ አፀደ ተነሥተው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አዲሱ ሊቀመንበር ፊት አስቀመጡ።

«እንኳን ደስ ያለዎት። የቀረውንም ዕቃ እርስዎ ጋራዥ ያስገቡት፤ ሲጠፋ መርማሪው ሩቅ አይሄድም።»