ቀይዋ መኪና ከጎተራ ስለወጣችበት ታላቅ ዘመን

የከተማችን የጥንት ክፍት መኪና ወዳጆች ማኅበር ለሰው ልጅ ያበረከተውን ውለታ ቆጥሮ የጨረሰ የለም፤ የጀመረም የለም። የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝና ትንሽ ብኮራ አይፈረድብኝ። ፕሬዚዳንታችን ዶቶር ኪሪኖ ፋርማሲስት ናቸው፤ እኛ ጣሊያኖች የተማረን ሰው ሁሉ «ዶቶር» እንላለን፤ ስለ መኪና እሳቸው የማያውቁት ነገር ካለ መኪናዋም ራሷ አታውቀውም።

ኤቫሪስቶ የተባለው አባላችን ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የስፖርት መኪና አለችው። ልጁ ዴልፊና ክርስትና ከተነሳች ወዲህ መኪናዋ ከጎተራ አልወጣችም፤ ዶሮዎች ሲያድሩባት ኖረዋል። ዘንድሮ ታዲያ ዴልፊና ልታገባ ሆነ። ቤታቸው ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ታች አደባባዩ ላይ። በመሀል ያለውን ቁልቁለት ፍየል እንኳ አስባበት ነው የምትወርደው። ኤቫሪስቶም «ልጄን በዚህች መኪና እኔው ራሴ ካላወረድኳት አባት አይደለሁም!» ብሎ በከተማው ሰው ፊት ማለ።

ማኅበሩ የጉዳዩን ክብደት በመገንዘብ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ጎተራው ውስጥ ወይን እየተቀዳ ቀዳሚው አጀንዳ ቀረበ፤ የመኪናዋ ቀለም የቼሪ ቀይ ነው ወይስ የቲማቲም ቀይ? ጥልቅ ውይይት ተካሄደ፤ ሁለት አባላት እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ቀጥሎም ጎማዎቹ፣ ምንም እንኳ እንደ ደረቀ ዳቦ ቢሰነጣጠቁ፣ ከፋብሪካ አብረዋት የመጡ ስለሆኑ እንዳይነኩ ተወሰነ። በትርፍ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ሳይቀር የዚያ ዘመን አየር ነውና በክብር ተጠብቆ እንዲቆይ በጭብጨባ አጸደቅን።

በዚህ መሀል የኤቫሪስቶ ሚስት ኦንዲና የሳላሚ ቋሊማ በሳህን ይዛ ገባች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ትቆማለች?»

ዶቶር ኪሪኖ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሲኞራ፣ ይህች መኪና የተሠራችው ለመሄድ ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። ልጄን ይዛ ነው የምትሄደው። ፍሬኗን ያየ ሰው አለ ወይ?»

«ፍሬኗ ኦሪጅናል ነው!» አሉ። ኮፍያችንን ለማውለቅ ምንም አልቀረንም።

«ኧረ በማርያም! ኦሪጅናልማ አማቴም ነበሩ፤ ግን ቀበርናቸው!»

ኤቫሪስቶ ፊቱ ቀላ። «አንቺ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ እንጂ!»

«እሺ አላዋርድህም። እዚሁ ግቢ ውስጥ ንዳትና አቁማት። ስትቆም ካየሁ አፌን እዘጋለሁ፤ ካልቆመች ግን ልጄ ቁልቁለቱን በእግሯ ትወርዳለች።»

ፈተናው በይፋ ተካሄደ። ቤንዚኑ ሙጫ ሆኖ ስለነበር ሞተሯ እምቢ አለ፤ ቤንዚኑን ዕድሜውን አክብረን ስላልደፋነው እኔና ሁለት አባላት ገፋናት። ግቢው ትንሽ ተዳፋት ነው። ኤቫሪስቶ በግርማ ሞገስ መሪውን እንደያዘ ፍሬን ረገጠ፤ ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለሉ ድረስ ወረደ። መኪናዋ ወደ ዶሮ ቤቱ በአንድ በኩል ገብታ በሌላው ወጣች። ጥቂት ዶሮዎችም ተሳፍረውባታል።

«አነሳሷን አያችሁልኝ?» አሉ ዶቶር ኪሪኖ።

ኤቫሪስቶ አልሳቀም። ከመኪናዋ ሳይወርድ ጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር፣ ዴልፊና የምትቀመጥበትን፣ አፍጥጦ ሲያይ ቆየ። «ልጄን ልገድላት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። አባባሉ የማኅበሩን መንፈስ የሚጎዳ በመሆኑ እንዳልሰማን ሆንን።

ከዚያ በኋላ የፈጸመውን ለማውራት እንኳ ይከብዳል። መኪናዋን ጋራዥ አስገብቶ የፍሬኑን ቱቦ፣ ሸራውንም ዘይቱንም አስለወጠ። የነዳጅ ማጠራቀሚያውን አሳጠበ። አዳዲስ ጎማ ገዛ። ይባስ ብሎ የደህንነት ቀበቶ አስገጠመላት! ያ የተከበረ አየርም እስስስ ብሎ ሲወጣ እኔ በበኩሌ እንባዬ እንዳይታይ ፊቴን አዞርኩ። ማኅበሩ ጥልቅ ኀዘኑን ገልጾ ከአባልነት ሰረዘው። ሠርጉ ላይ ግን በተቃውሞ ለመገኘት ወሰንን፤ ምሳው የጠቦት ጥብስ ነው ተብሎ ነበር።

በሠርጉ ዕለት ቀይዋ መኪና ፊት ሆና ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ዴልፊና ቬሏን በሁለት እጇ ይዛ «አባዬ፣ ፈጠን በል እንጂ!» እያለች ትስቃለች። እኛም ኦሪጅናል መኪኖቻችንን ይዘን፣ ክላክስ እያስጮህን ከኋላ አጀብናት። ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር ሲደርስ ኤቫሪስቶ ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። ቀድማ ወርዳ ስትጠብቅ የነበረችው ኦንዲና «ተመስገን!» ብላ አማተበች። ኤቫሪስቶ ወርዶ ለልጁ በሩን ከፈተላት፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ደረጃውን ወጡ።

የዶቶር ኪሪኖ መኪና የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። በአንድ እጃቸው ለሕዝቡ ሰላምታ እየሰጡ፣ በእግራቸው ፍሬኑን ደጋግመው ይረግጡ ነበር። «ዞር በሉ! ኧረ ዞር በሉ!» የሚለው ጩኸታቸው ከክላክሱ በለጠ። እሳቸው ቀይዋን ከኋላ ገጯት፤ ምክትላቸው እሳቸውን ገጩ፤ እኔ ምክትላቸውን። ከባርኔጣና ከክብር በቀር የተጎዳ የለም።

ማኅበሩ እዚያው አደባባይ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ ጉዳዩን ከሥር መሠረቱ መረመረ። የአደጋው መንስኤ የቀድሞ አባላችን የኤቫሪስቶ መኪና መቆሟ ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ሌሎቹ ዝም ብላ ብትሄድ ኖሮ ማንም ባልገጫት። ወደፊትም አባላት ከሚቆሙ መኪኖች ራሳቸውን እንዲጠብቁ ጥብቅ ማሳሰቢያ ተላለፈ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ከዚያም ኤቫሪስቶ ቤት ለተዘጋጀው ምሳ ሁላችንም ዳገቱን በእግራችን ወጣን።